ስለ ሰገራ ምርመራና ስለ አንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን ጠይቁኝ

ቃሊቲ አካባቢ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ስለ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ወስፋትና ኮሶ ትል ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አምጡ። መድኃኒት ግን እዚህ አላዝም።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ሦስት ጊዜ ተመርምሬ «ምንም የለም» ተባልኩ። ተቅማጡ ግን አልቆመም።

መልስ፦ ናሙናውን መቼ እንደሰጠህ አልነገርከኝም። ንጋት ላይ ቤት ተይዞ፣ ታክሲ ተጠብቆ፣ ካርድ ወጥቶ ረፋድ ላይ የሚደርሰን ብዙ ነው። ጃርዲያ በሕይወት ሳለ በአጉሊ መነጽር ሥር ከዛፍ እንደሚረግፍ ቅጠል እየተገለባበጠ ይዋኛል፤ ሁለት ዓይን ያለው ፊት ይመስላል። ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልታየ ጃርዲያው ይሞታል፣ ቅርጹም ይፈርሳል። ደግሞም በየቀኑ አይወጣም። በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ስጥ፤ ትኩስ ይሁን፣ ሽንት አይቀላቀልበት።

ጥያቄ፦ ልጄን ሆዱን ያመዋል፣ ምን ልስጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዕድሜው ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ? ደም አለው? ሳይመረመር ምንም አትስጪው።

ጥያቄ፦ በሄድኩ ቁጥር «አሜባ አለብህ» እባላለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። በሽታ የሚያመጣው ሂስቶሊቲካ የተባለው አሜባና ጉዳት የሌለው ዲስፓር የተባለው አሜባ በአጉሊ መነጽር አይለዩም። ቀይ የደም ሴል የዋጠ አሜባ ሲንቀሳቀስ ካላየሁ በእርግጠኝነት አልናገርም። ነጭ የደም ሴልን አሜባ ብሎ የሚጽፍም አለ። ሰው በከንቱ የአሜባ መድኃኒት (ሜትሮኒዳዞል) ይውጣል።

ጥያቄ፦ ኮሶ ትል ከጥሬ ሥጋ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከበሬ ሥጋ። አብስሉት።

አንድ አባል፦ አያቶቻችን ቁርጥ በልተው ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ይሽራቸውም ነበር።

ሌላ አባል፦ መጠኑን ማን ለካላቸው? ሲበዛ እንደሚመርዝ አልሰማህም? ይልቅ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማው ሰላጣ ያሳስበኛል።

የመጀመሪያው፦ ሰላጣውን በኮምጣጤ እናጥበዋለን።

መልስ፦ ስለ ኮሶው ክርክር ሌላ ቦታ ቀጥሉ። ኮምጣጤ ግን የወስፋትን እንቁላል አይገድልም፤ ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ ቅጠል ላይም ይጣበቃል። ትኩስ ሰገራ ውስጥ ያለው እንቁላል ወዲያው አያስይዝም፤ አፈር ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚበስለው፤ ከዚያም ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቅጠሉን አንድ በአንድ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጠቡ። እኔ ቤት ሰላጣ አይገባም፤ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል።

ጥያቄ፦ ናሙናውን ማታ ይዤ ጠዋት ባመጣስ?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። ትኩስ። ግማሽ ሰዓት።