መልስ፦ የጆርናል ቤሪንግ ሜሽ በቂ መሆኑን በምን ላውቅ?

በጆርናል ቤሪንግ (ዘንግ በስስ ዘይት ላይ የሚሽከረከርበት መያዣ) ስሌትዎ ሜሹን (ስሌቱ የሚሠራበትን የሴሎች መረብ) ከ60×20 ወደ 120×40 ሲያደቁት ከፍተኛው የዘይት ግፊት ከ8.12 ወደ 8.36 ሜጋፓስካል ስለወጣ የትኛውን ልመን ብለዋል። በሁለት ሜሽ አይፈረድም፤ 240×80ም ያስኪዱ። ለምሳሌ 8.42 ቢሰጥዎ ልዩነቱ ከ0.24 ወደ 0.06፣ በ4 እጥፍ ወርዷል፤ ስሌቱ ሁለተኛ ደረጃ ነው (ሴሉ በግማሽ ሲያንስ ስህተቱ በ4 እጥፍ ይቀንሳል) ማለት ነው። የቀረው ስህተት 0.06 ለ3 (ከ4 እጥፉ 1 ሲቀነስ) ሲካፈል፣ 0.02 ገደማ ነው፤ ለጥንቃቄ በ1.25 ያባዙት።

ከዚያ በፊት ግን ኢተሬሽኑን (መልሱን በየዙሩ የሚያሻሽለውን ስሌት) ይፈትሹ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጋውስ-ሳይደል የተባለው የኢተሬሽን ዘዴ ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ያዘግማል። በሁለት ዙር መካከል ያለው ለውጥ ትንሽ ሆነ ብለው ካቆሙት መልሱ ገና መንገድ ላይ ነው። መቆሚያው የሬይኖልድስ እኩልታ (የዘይቱን ግፊት የሚሰጠው እኩልታ) ሬዚዱዋል፣ ማለትም እኩልታው ሳይሟላ የቀረው መጠን፣ ይሁን፤ ከመነሻው 10⁸ እጥፍ እስኪያንስ ይጠብቁ።

በሜሾቹ መካከል ያለው ልዩነት በ2 እጥፍ ብቻ ከቀነሰ ካቪቴሽን (ግፊቱ ወርዶ በዘይቱ ውስጥ አረፋ መፈጠሩ) የሚጀምርበትን መስመር ይጠርጥሩ፤ ድንበሩ በአንድ ሴል ወዲያ ወዲህ ይዘላል። ኤክሰንትሪሲቲው (ዘንጉ ከመሃል የራቀበት መጠን ለክሊራንሱ ሲካፈል) 0.9 ከሆነ የዘይቱ ውፍረት ከክሊራንሱ (ዘንጉ መሃል ላይ ሲሆን በዘንጉና በቤሪንጉ መካከል ያለው ክፍተት) 1.9 እጥፍ ወደ 0.1 ይወርዳል፤ በእኩልታው እንዳለው በኩብ ሲሰላ ወደ 6,900 እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚህ በዙሪያው አቅጣጫ፣ ዘይቱ በሚሳሳበትና ካቪቴሽኑ በሚጀምርበት አካባቢ ያድቅቁ። ከግፊቱ ጋር የመሸከም ኃይሉንም ያወዳድሩ፤ የግፊቱ ጫፍ በሁለት ኖዶች (ግፊቱ በሚሰላባቸው ነጥቦች) መካከል ሊወድቅ ይችላል።