ጥቁሯ ፍሬ ለምን ቀድማ ትታያለች?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ፣ ስራዬ ቡና ለቀማ ነው። ከጓደኞቼ ጋ እያወራሁም ቢሆን ጥቁሯ ፍሬ ሳልፈልጋት ራሷ ዓይኔ ውስጥ ትገባለች፣ ነቀዝ የበላት ግን አንድ በአንድ ካላየሁ ታመልጠኛለች። ደሞ ባለፈው ሄርማታ ገበያ የጎረቤቴ ልጅ አጠገቤ ቆማ ሰላም እስክትለኝ አላወቅኳትም! ችግሩ ዓይኔ ነው ጭንቅላቴ?

መልስ፦ እህታችን፣ ዓይንሽ ሰላም ነው። ዓይን እኮ ብርሃኑን ተቀብሎ ያቀብላል እንጂ "ይሄ ቡና ነው" የሚለው አንጎል ነው። መልእክቱ ከማጅራትሽ ከፍ ብሎ ያለው የአንጎል የኋላ ክፍል ሲደርስ እዛ ያሉት ሴሎች ሙሉ ነገር አያዩም፣ አንዱ ለቆመ መስመር ሌላው ለተጋደመ ብቻ ነው የሚነቃው፣ ይሄን ድመት ላይ ያገኙት ሁበልና ዊዝል የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1981 ኖቤል ተሸልመዋል (ድመቷ ግን ምንም አልደረሳት)። ከዛ በጎን በኩል፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወዳለው ክፍል እያለፈ መስመሩ ቅርፅ ይሆናል፣ ቅርፁ ከምታውቂው ነገር ጋ ይገናኛል። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከላይ ብታዪው ክብ ነገር ነው፣ ከጎን ብታዪው ሌላ፣ ግን በርጩማ መሆኑ አይጠፋሽም አይደል?

ወደ ቡናሽ ስንመጣ፣ ጥቁሯ በቀለም ብቻ ስለምትለይ አንጎል ክምሩን በአንዴ አይቶ ያወጣታል፣ ክምሩ ቢበዛም ብዙ ለውጥ የለውም። ነቀዝ የበላት ግን ቀለሟ እንደ ሌሎቹ ነው፣ ያላት አንዲት ቀዳዳ፣ ስለዚ ትኩረት ከፍሬ ፍሬ መዝለል አለበት፣ ፍሬው በበዛ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል። አን ትሪስማን የምትባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1980 ይሄን ልዩነት በደንብ አስረድታለች። በርግጥ ልምድም አለው፣ ትናንት የተቀጠረች ልጅ አንቺ የምታዪውን አታይም።

የጎረቤትሽ ልጅ ነገር ደሞ ሌላ ነው። ለፊት በተለይ የሚነቃ ቦታ አንጎል ውስጥ አለ፣ ናንሲ ካንዊሸር የምትባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1997 ስም ያወጣችለት፣ ግን አንጎል ሰውን ከቦታው ጋ አያይዞ ነው የሚጠብቀው፣ ሰፈር የለመድሻትን ልጅ ገበያ መሃል አልጠበቅሻትም በቃ። ይሄ ማንም ላይ ይደርሳል። የእናቱን ፊት ራሱ የማይለይ፣ በድምፅ ብቻ የሚያውቅ ሰው አለ፣ እንደዛ ከሆነብሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ለነቀዟ ግን ፍሬውን ትንሽ ትንሽ እያረግሽ ሳሳ አድርገሽ ዘርጊው።