መልስ፦ ሌላ የጥያቄ ስብስብ ልግዛ ወይ?

እህቴ፣ «ለኤንክሌክስ (ለነርስነት ፈቃድ ፈተናው) ሁለት ሺህ የልምምድ ጥያቄ ሠርቻለሁ፤ ውጤቴ ግን ከ60 በመቶ አላልፍ አለ፤ ሌላ ልግዛ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አትግዢ። ያለሽን ገና አልጨመቅሽውም።

እኔም አሜሪካ መጥቼ ለነርስነት ፈቃዱ ስዘጋጅ በቀን 150 ጥያቄ እያግበሰበስኩ፣ መልሱን በዓይኔ ገረፍ አድርጌ አልፍ ነበር። ያዳነኝ አንድ ተራ ደብተር ነው። የሳትኩትን ጥያቄ ሳይሆን የሳትኩበትን ምክንያት እጽፍበት ጀመር። ለምሳሌ አራት ሕመምተኞች ተሰጥተው «በመጀመሪያ የምታዪው ማንን ነው?» ይላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሕመም የምትጮኸውን መረጥኩ፤ አጠገቧ በደሙ ያለው ፖታሲየም ከልክ አልፎ 6.8 የደረሰ፣ ዝም ብሎ የተኛ ሰው ነበር። ያ መጠን ልብን ሊያቆም እንደሚችል አውቃለሁ እኮ! ጩኸቱ ነው ያታለለኝ። ከዚያ ወዲያ ደብተሬን ሳገላብጥ፣ ከስህተቶቼ የሚበዙት የእውቀት ሳይሆኑ የአነባበብ ሆነው አገኘኋቸው።

የሠራሽውን ጥያቄ ቶሎ ደግመሽ ውጤትሽን አትለኪበት፤ መልሱን ያስታወሰው ጭንቅላትሽ ያሞኝሻል።

ፈተናው ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ ቢበዛ 5 ሰዓት ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ስልክሽን ዘግተሽ እንደዚያው ተለማመጂ፤ ቡናውም ይቆይ። ኮምፒውተሩ እንደ መልስሽ ጥያቄውን ስለሚያከብድና ስለሚያቀል፣ ሲከብድብሽ ወደቅሁ ብለሽ አትደንግጪ።

ማስታወሻሽንም በአማርኛ ብትጽፊው አያሳፍርም። የእኔ ደብተር ግማሹ በአማርኛ ነበር።