ገመድ የቆረጠው ብረት

ውድ ልጆቼ፣

በርሚንግሃም መሃል ከተማ፣ በውሃው ቦይ ዳር በእግራችሁ ከሄዳችሁ ድልድዮቹ ሥር ቆም በሉ። አንዳንዶቹ ድልድዮች ጥግ ላይ ብረት ተለብጧል። ብረቱ ላይ ጣት የሚያስገቡ ጥልቅ ጭረቶች አሉ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው። መጀመሪያ ያየኋቸው ጊዜ በማሽን የተቆረጡ መስለውኝ ነበር። ገመድ ነው የቆረጣቸው። ፈረስ ከፊት ይጎትታል፣ ጀልባዋ ከኋላ ትከተላለች፣ እርጥቡ ገመድ ከመንገዱ ያነሳውን አሸዋ ይዞ ብረቱን ይፈትጋል። በየቀኑ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የእንግሊዝን ቦዮች ስጠግን ኖሬአለሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር የሚጀምረው ከዚያ ብረት ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላውራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የብሪጅዋተር መስፍን ከዎርስሊ የሚወጣውን የድንጋይ ከሰሉን ወደ ማንቸስተር ለማድረስ ቦይ አስቆፈረ። ቦዩ በ1761 ሥራ ጀመረ፣ ማንቸስተር ላይ የከሰል ዋጋ በግማሽ ወረደ። ሥራውን ከመሩት ዋነኛው ጄምስ ብሪንድሊ ነበር። የወፍጮ ባለሙያ ነው፣ ጽሕፈት ላይ ደካማ፣ ስሌቱን በጭንቅላቱ የሚሠራ። ይህን ሰው አትርሱት፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ቀጥሎ የሸክላ ፋብሪካው ባለቤት ጆሳያ ዌጅውድ ዕቃው በጋሪ መንገድ ላይ እየተሰበረ ስላስቸገረው ለሌላ ትልቅ ቦይ ተሟገተ። የትሬንትና መርሲ ቦይ በ1777 ተጠናቀቀ። በዚያ ቦይ ላይ የተሠሩት አብዛኞቹ ሎኮች ስፋታቸው ሁለት ሜትር ከምናምን ብቻ ነው። ሎክ ማለት ጀልባን ከታችኛው ውሃ ወደ ላይኛው የሚያወጣ፣ በሁለት ጫፍ በር ያለው የውሃ ክፍል ነው። ጀልባዎቹም ያንኑ ልክ ይዘው ተሠሩ፤ ሃያ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፣ ወርዳቸው ግን ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ፈረስ ሃያ አምስት ቶን ይዞ ይሄዳል። ይህን ጭነት በፈረስ ጀርባ ልጫን ብትሉ ከመቶ በላይ ፈረስ ያስፈልጋችኋል።

በኋላ ባቡር መጣ። የጭነት ዋጋ ወረደ፣ የጀልበኞቹም ገቢ አብሮ ወረደ። የቤት ኪራይና የረዳት ደመወዝ መክፈል ያቃተው አባወራ ሚስቱንና ልጆቹን ጀልባው ላይ አሳፈረ። መኖሪያቸው ከኋላ ያለችው ክፍል ናት። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ቢሆን ነው። የቁም ሳጥኑ በር ሲወርድ ገበታ ይሆናል፣ ሌላው ሲወርድ አልጋ ይሆናል። ከሰል የምትበላ ትንሽ ምድጃ አለች፣ ግድግዳው ላይ የዳንቴል ጠርዝ ያላቸው ሳህኖች ተሰቅለዋል፣ በሩ ላይ ጽጌረዳና ቤተ መንግሥት ተስሏል። እዚያ ውስጥ ልጅ ይወለዳል፣ ሰው ይሞታል። ፈረስ የማያልፍበት ዋሻ ሲደርሱ ወንዶቹ በጀርባቸው ተኝተው ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ ጀልባዋን ያሻግራሉ። ፈረሱን በተራራው ላይ ይዞ የሚሻገረው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው።

ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚገቡት ጀልባዋ ለማራገፍ በቆመችበት ቀን ነው። በማግሥቱ ሌላ ከተማ ናቸው። የጀልባ ልጆችን ትምህርት የሚመለከት ሕግ በ1877 ወጣ፣ በ1884 ተጠናከረ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ማንበብ ሳይችሉ አርጅተዋል። ስለዚህ ስለነሱ የተጻፈውን አብዛኛውን የጻፉት ሌሎች ናቸው። የተቆጣጣሪ ሪፖርት፣ የኩባንያ መዝገብ፣ የጭነት ደረሰኝ። እነሱ ራሳቸው የተዉት ጽሑፍ ያ ብረት ላይ ያለው ጭረት ነው ማለት ይቻላል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ሎክ እንዳድስ ተሰጠኝ። ትርፉ ውሃ በጎን የሚወርድበት ማፋሰሻ ነበረው፤ እኔም መውጫውን ወደ ሎኩ የታችኛው አፍ አስጠግቼ ነደፍኩት። ወጪው ይቀንሳል። ስሌቱ ልክ ነው። አንድ ቀን ጀልባ ላይ ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። «ልጄ፣ ውሃው እዚህ ጋ ከወጣ ጀልባዋን ወደ ግድግዳው ይገፋታል» አሉኝ። ንድፉን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣቴ ጠቆምኩ። ወረቀቱን አዩ። ዝም አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ማንበብ እንደማይችሉ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያ ዝምታ እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ከባድ ዝናብ ሲመጣ ጀልባዎቹ ወደ ሎኩ ሲገቡ እየተገፉ ግድግዳውን መምታት ጀመሩ። የአንዷ መሪ ተሰበረ። መውጫው ፈርሶ እንደገና ተሠራ፣ ገንዘቡም ጊዜውም ባከነ። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ አፈሉልኝ። «ነግሬህ ነበር» የሚል ቃል አልወጣቸውም። የስኒ ማስቀመጫውን ሻይ ሞልተው፣ አንዲት የክብሪት እንጨት ጣሉበት። ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ከጎን ቀስ አድርገው ገፉት። እንጨቷ ዞራ ጠርዙን ነካች። እኔ ሦስት ገጽ የሠራሁበትን ነገር በማንኪያ አሳዩኝ።

ልጆቼ፣ ዲግሪያችሁን አክብሩ፣ ለፍታችሁ ያገኛችሁት ነው። ግን አዲስ መሥሪያ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሰው፣ ሹፌሩን፣ ሌሊት ጠባቂውን ተዋወቁ። እጁ በሥራው ውስጥ ያለውን ሰው ጠይቁ። ወረቀት ዘርግታችሁ ሳይሆን ቦታው ላይ አብራችሁ ቆማችሁ ጠይቁት። ብሪንድሊን አትርሱት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ዛሬ ቢመጣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚጠራው ስንቱ ነው?

ደግሞ ቶሎ ጠይቁ። በ1962 መጨረሻ የገባው ብርድ ቦዮቹን ለሁለት ወር ያህል በበረዶ ዘጋቸው፤ የረጅም መንገድ ጭነት ከዚያ ወዲያ አላንሰራራም። ከመጨረሻዎቹ አንዱ የነበረው፣ ከአዘርስቶን ወደ ሳውዝኦል ማርማላታ ፋብሪካ ከሰል የሚወስደው ሥራ፣ በ1970 ቆመ። የሚያውቁት ሰዎች ከኔ ሥራ መጀመር በኋላ አንድ በአንድ አለፉ።

ከዚያ ሻይ በኋላ ደብተር ገዛሁ። በየሳምንቱ እሳቸው ዘንድ እየሄድኩ የነገሩኝን ጻፍኩ። ፈረሱ እየሄደ እንዲበላ አፉ ላይ የሚታሰረው ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ ጨለማ ውስጥ ሎክ መድረስህን በውሃው ድምፅ የምታውቅበት መንገድ፣ እናታቸው እየመራች እንዴት ልጅ ታጠባ እንደነበር። መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ግን አጭር ነው፦ «ከመግባትህ በፊት አረፋው ወዴት እንደሚሄድ እይ።» ዛሬም ሎክ አጠገብ ስደርስ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ አረፋው ነው።