ሐረጎን ስወጣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ኦክቴን ልጨምርበት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ከኮምቦልቻ ደሴ የምመላለስባት የድሮ ኮሮላ አለችኝ፣ ባለ ካርቡሬተር ናት። የሐረጎን ዳገት ስወጣ በተለይ ሰው ሞልታ ከሆነ ሞተሩ ቃ ቃ ቃ እያለ ያንኳኳል። መለዋወጫ ቤት ስጠይቅ "ኦክቴን የሚጨምር ፈሳሽ አለ፣ በየሙሌቱ አንድ ጠርሙስ አርግበት ጉልበትም ታገኛለች" አሉኝ። ዋጋው ቀላል አይደለም። ያዋጣል ወይስ ብር መጣል ነው?
(አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ገና ካልገዛኸው አትግዛው። ኦክቴን ጉልበት አይደለም። ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅና ሲግል የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ ነው። ያ የምትሰማው ቃ ቃ ቃ ቀድሞ የፈነዳው ቤንዚን ነው፣ ከቆየ ፒስተን ይበላል፣ ስለዚህ ችላ እንዳትለው።

ግን አንድ ነገር አስብ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ፣ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ሲሊንደር ውስጥ ያለው እመቃም ይቀንሳል፣ በዚህ ምክንያት እንዳንተ ያለ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ የሚፈልገው ኦክቴን ያንሳል እንጂ አይጨምርም። አሜሪካ ውስጥ ተራራማ በሆኑት ስቴቶች 85 ኦክቴን የሚሸጡት በዚህ የተነሳ ነው፣ ሌላው ቦታ ዝቅተኛው 87 ሆኖ ሳለ። እና ሐረጎ ላይ የሚያንኳኳ መኪና በሽታው መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ከሁሉ በፊት ቤንዚኑን ከየት ነው የምትቀዳው? ሰልፍ ሲበዛ መንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን ከሆነ ላምባ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፣ ላምባ ደግሞ ኦክቴኑን ክፉኛ ነው የሚያወርደው። አንድ ሙሉ ታንክ ከማደያ ቀድተህ ሞክራት። ድምፁ ካልጠፋ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ አስለካ፣ "ጉልበት ታግኝ" ብለው ዲስትሪቢውተሩን ያስቀደሙት ብዙ ነው። ካንዴላው ትክክለኛ ቁጥሩ መሆኑን፣ ራዲያተሩ አለመደፈኑን አሳይ። ካርቦን የያዘ ሞተርም ያንኳኳል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ ስጨምር ከርሜ ችግሩ ግማሹ የተደፈነ ራዲያተር ሆኖ አገኘሁት፣ ያ ብር አሁንም ይቆጨኛል። ደግሞ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ እየጎተትካት እንዳይሆን፣ ቶሎ ማርሽ ቀንስላት።

ጠርሙሱ ላይ "5 ፖይንት ይጨምራል" የሚለውም ሰው ያሳስታል። 91 የነበረው 96 የሚሆን ይመስላል አይደል? አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፖይንት የቁጥሩ አስረኛ ነው፣ 91 የነበረው 91.5 ይሆናል በቃ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው የማንጋኒዝ ወይ የብረት ውህድ ነው፣ ሲደጋገም ካንዴላው ላይ ቀይ ዝገት የመሰለ ነገር ይጋግርና እሳቱን ያዳክመዋል። ድሮ ለዚሁ ስራ ቤንዚን ውስጥ የሚገባው የእርሳስ (ሊድ) ውህድ ነበር፣ ለዚህ ስራ እንደሚሆን በ1921 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተገኝቶ የስንቱን ልጅ አእምሮ ሲጎዳ ኖረ፣ መጨረሻ ላይ ለመኪና መሸጥ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ በ2021 እ.ኤ.አ.።

የሚያዋጣው ማንዋሉ 95 እና ከዚያ በላይ ለሚጠይቅ ባለ ተርቦ ወይ ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ላለው መኪና ነው፣ እሱም ተገቢው ቤንዚን ሲጠፋ። ያንተዋ ኮሮላ ከዚያ ውስጥ አይደለችም።

ጥያቄ፦ አይሱዙ አለኝ፣ ይሄው ኦክቴን የሚባለው ለናፍጣ ይሆናል?
(አንባቢ፣ ከወልድያ)

መልስ፦ በፍጹም እንዳታደርገው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፣ ናፍጣው፣ በእመቃው ሙቀት ራሱ ቶሎ መቀጣጠል አለበት፣ ኦክቴን ደግሞ ስራው መቀጣጠልን መከልከል ነው። የናፍጣ መለኪያው ሴቴን ይባላል፣ ስሙ ስለሚመሳሰል ስትገዛ በደንብ አንብብ።