ከብቱን ማን ይቆጥራል?

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የተፈጥሮ ሀብት ተምራችሁ በየወረዳው ሥራ ለምትጀምሩት ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው። የሥራ ዘመኔን ግን ያሳለፍኩት አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ነው። ሥራዬ በመንግሥት መሬት ላይ የሚሰማሩ ከብቶችን ግጦሽ መከታተል ነበር። ሳር በመለካት ጀመርኩ። ጡረታ ስወጣ ከሳሩ ይልቅ የሰዎቹን ስብሰባ በደንብ አውቅ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመቴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ከብቱ ወደ ተራራው የሚወጣበትን ቀን ካርታና የቆየ መዝገብ አይቼ ወሰንኩ። የአርቢዎቹ ማህበር የቀጠረው ፈረሰኛ እረኛ ቢሮ ድረስ መጣ። "ዘንድሮ በረዶው ዘግይቶ ነው የቀለጠው፤ ሳሩ ገና ነው፤ አሥር ቀን ስጠን" አለኝ። አልሰማሁትም። ከብቱ ወጣ። ላይ የሚጋጥ ነገር ስላጣ ሁሉም ወንዝ ዳር ተሰበሰበ። ዳርቻው ተረግጦ ጭቃ ሆነ፣ አኻያው ተቀረጠፈ። ያ ቦታ እስኪያገግም ብዙ ዓመት ፈጀ። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ልቤን ይቆጠቁጠኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማህበሮቹን ማጥናት የጀመርኩት።

ድሮ በአሜሪካ ምዕራብ የመንግሥት መሬት እኛ ልቅ ግጦሽ የምንለው ነበር። ቀድሞ የደረሰ ያግጣል። ስለዚህ ሁሉም ቀድሞ ለመድረስ ይሽቀዳደማል፤ ሳሩም ሳይጠነክር ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1928 ሞንታና ውስጥ፣ ሚዝፓ ፓምፕኪን ክሪክ በሚባል ቦታ፣ አርቢዎች ሌላ ዘዴ ሞከሩ። መሬቱ የመንግሥት፣ የባቡር ኩባንያና የግል ሆኖ የተቆራረጠ ነበር። በማህበር ተደራጅተው ከ100 ሺህ ኤከር (ከ40 ሺህ ሄክታር) በላይ የሚሆነውን እንደ አንድ መሬት ማስተዳደር ጀመሩ። በ1934 የወጣውና የመንግሥት መሬት ግጦሽን በፈቃድ ያደረገው የቴይለር የግጦሽ ሕግ ከዚያ ሙከራ ብዙ ተምሯል።

ዛሬ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የመሬት አስተዳደር ቢሮ 155 ሚሊዮን ኤከር ያህል ለግጦሽ ያስተዳድራል። የደን አገልግሎቱ ደግሞ የራሱ አለው። ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለ10 ዓመት ነው። ክፍያው የሚሰላው አንዲት ላም ከነጥጃዋ በወር በምትግጠው ሳር ነው። አምስት በግ እንደ አንድ ላም ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይህ ለወር 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። ከግል መሬት ኪራይ ጋር ሲተያይ በጣም ርካሽ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። አርቢዎቹ ደግሞ አጥሩንና የውሃ ገንዳውን የምንጠግነው እኛ ነን ይላሉ። ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ማህበር ሥራ ላይ ሲውል ማየት ለፈለገ ዋዮሚንግ ያለውን የግሪን ወንዝ የከብት መንገድ እነግረዋለሁ። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ከብቱ በጸደይ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ብሪጀር ቲተን ደን ይወጣል። በመከር ይመለሳል። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2013 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል። የብዙ ቤተሰብ ከብት አንድ ላይ ነው የሚከርመው። ሁሉም የየራሱን በመተኮሻና በጆሮ ምልክቱ ይለየዋል። ማህበሩ የቀጠራቸው ፈረሰኞች በጋውን ሙሉ ተራራው ላይ ያድራሉ። የታመመውን ያክማሉ፣ ከብቱን ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ጨውን ከወንዝ አርቀው ያኖራሉ፤ ከብቱ ጨው ፍለጋ ሲርቅ የወንዙ ዳርቻ ከመረገጥ ያርፋል።

አሠራሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ልክ እንደ እድር ነው። ሊቀመንበር አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ደንብ አለ። ወጪው ባሰማራኸው ከብት ልክ ይከፈላል።

ከሁሉም በላይ ግን ቆጠራውን ተመልከቱ። ከብቱ ወደ መስኩ ሲገባ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ የጎረቤቱን ከብት ይቆጥራል። አንዱ ከፈቃዱ በላይ ቢያስገባ ቀድሞ የሚያውቀው የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። እኛ በበጋ ስንት ጊዜ ብንመጣ ነው? ሳሩ የሚያልቅበት ሰው ግን በየቀኑ እዚያው ነው።

የአገራችን ሰውም ይህን ያውቃል። መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳ የጋራ መስክ ይጠብቅ የነበረው፣ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት መነሻው 17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። አስቦና ጌራ የተባሉ የቀድሞ አባቶች ዘሮች ጓሳን ለዓመታት ዘግተው ያስጠብቁ ነበር። የሚከፈተው ድርቅ ሲጠና ወይም ሳሩ ለክዳን ሲደርስ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ ተደራጅቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ ያሉት ለዚህ ነው።

ግን አንድ ነገር እንዳታልፉ እለምናችኋለሁ። የቴይለር ሕግ ቅድሚያ የሰጠው በአቅራቢያው የራሱ መሬት ወይም ውሃ ላለው ነው። መሬት ሳይኖራቸው በግ ይዘው የሚዘዋወሩ ብዙዎች፣ ከእነሱም ከስፔንና ከፈረንሳይ ድንበር የመጡት ባስኮች፣ ከመስኩ ተገፉ። ሳሩ ዳነ፣ እነሱ ግን ጠፉ። በቄሮም መብቱ በዘር ሐረግ ነበር። ስለዚህ ስብሰባ ስትገቡ ቃለ ጉባኤውን ከማንበባችሁ በፊት ማን እንደሌለ ጠይቁ። ሴቶቹ የት ናቸው? ባለ ሁለት ፍየሉስ? በድርቅ ጊዜ ከሩቅ የሚመጣው አርብቶ አደርስ? እነሱን ያልቆጠረ ደንብ አንድ መጥፎ ዓመት ሲመጣ ይፈርሳል። እኔ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እናንተ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የማህበሩ ሰዎች ለቆጠራ ጠሩኝ። በረዶ ስለጀመረ ከብቱ በራሱ ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር። አንድ አርቢ ከበሩ ግራ፣ እኔ ከቀኝ ቆምን። ከብቱ ሲያልፍ አንድም ቃል አልተናገርንም። ሲያበቃ እሱ ቁጥሩን ተናገረ፣ እኔም የእኔን። በሁለት ጥጃ ተለያየን። ፈረሰኞቹ ምንም ሳይሉ ከብቱን መልሰው እንደገና በበሩ ማሳለፍ ጀመሩ።