«መድረክ ላይ ‹ተጠርተናል› እላለሁ፤ ልቤ ግን ገና አልተነሣም»

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሌሎች አንባብያንም እንዲከታተሉን ዋናውን ሐሳብ በአጭሩ ላስቀምጥ። ባለቤትዎ በሌላ አህጉር በሚስዮናዊነት እንዲያገለግሉ እንደ ተጠሩ ካመኑ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ላኪ ድርጅታችሁ የሚያስፈልጋችሁ ወርሃዊ ድጋፍ ሙሉ በሙሉ ቃል ካልተገባ መነሣት እንደማትችሉ አስታውቋል፤ እስካሁን የተገኘው ግን ከግማሽ ትንሽ ያለፈ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ በተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት እየተገኛችሁ ራእያችሁን ታካፍላላችሁ። እናትዎ ተቀይመዋል፤ ታላቅ ወንድምዎ የድጋፍ ጥያቄው ከቀረበላቸው ጀምሮ ስልክዎን አያነሡም፤ የ10 ዓመት ልጅዎ ደግሞ ከእንግዲህ መድረክ ላይ አልወጣም ማለት ጀምራለች። ደብዳቤውን የዘጉት እንዲህ በማለት ነው፦ «መድረክ ላይ ‹እግዚአብሔር ጠርቶናል› እላለሁ፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን መኪና ውስጥ አንድ ቃል አንነጋገርም። ጥሪው የእኔም ስለ መሆኑ እርግጠኛ አለመሆኔን ለባለቤቴ ነግሬው አላውቅም። ብናገር የእግዚአብሔርን ሥራ ያሰናከልሁ ይመስለኛል።»

ምላሼን ከዚህ ከመጨረሻው ነገር እጀምራለሁ፤ የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና።

ሰው የማይሰማውን ስሜት እንደሚሰማው አድርጎ ለረጅም ጊዜ ማሳየት ሲኖርበት የሚደርስበት ዝለት በሥነ ልቦና በሚገባ የታወቀ ነው። እርስዎ ሰውን ያታለሉ ሰው አይመስሉኝም። ሥራውን ያምኑበታል፣ ባለቤትዎን ይወዳሉ፣ የሚናገሩትም በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ድጋፍ የማሰባሰቡ ሥራ አንድ የተለየ ጫና ይዞ ይመጣል፤ አንድ ቤተሰብ ቃል በገባ ቁጥር «አሁን ደግሞ እንዴት ብዬ እናገራለሁ?» የሚል አዲስ ይሉኝታ ይጨመራል። ስለዚህ ለባለቤትዎ የምሥራች የሆነው እያንዳንዱ ቃል ኪዳን ለእርስዎ ዝም ለማለት ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል። መኪናው ውስጥ ያለውን ዝምታ ከዚህ ለይቼ አላየውም።

በሚስዮን ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ሰዎች አንዱ የሆነው ዊልያም ኬሪ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1793 ከእንግሊዝ ወደ ሕንድ ለመሄድ ሲዘጋጅ ባለቤቱ ዶሮቲ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አልሄድም አለች። እርሱም የበኩር ልጃቸውን ፊሊክስን ብቻ ይዞ ተነሣ። የመጀመሪያው ጉዞ ሳይሳካ ቀርቶ ሲመለስ፣ በዚያው ሰሞን የወለደችውን ሕፃን ታቅፋ የነበረችው ዶሮቲ ዳግመኛ ተለመነች፤ እኅቷ ካትሪን አብራት የምትሄድ ከሆነ እሄዳለሁ ብላም በጥድፊያ ተስማማች። ሕንድ በገቡ በዓመቱ፣ በ1794፣ የ5 ዓመት ልጃቸው ፒተር በተቅማጥ በሽታ ሞተ። የዶሮቲ አእምሮ ታወከ፤ በ1807 እስክትሞት ድረስም ወደ ቀድሞ ጤንነቷ አልተመለሰችም። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ የበሽታዋን ምክንያት ለይቶ መናገር ለማንም ባለሙያ አይቻልም፤ ሐዘኑ፣ ድኽነቱና ሕመሙ ተደራርበውባት ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ስምምነቷ የተገኘበት መንገድ ነው። በሰው ፊት እንቢ ማለት ስላስጨነቀ ብቻ የተሰጠ እሺታ፣ መከራ የመጣ ዕለት ሰውን ደግፎ የማቆም አቅም አይኖረውም። የእርስዎ ማመንታት ዛሬ ቢነገር ምናልባት አንድ ቀጠሮ ይሰረዛል፤ ባዕድ አገር ከገባችሁ በኋላ ቢፈነዳ ግን የምትከፍሉት ዋጋ ከዚህ እጅግ የከበደ ነው። ስለዚህ መናገርዎ አገልግሎቱን ማሰናከል አይደለም፤ ለጉዞው ከሚያስፈልጉት ዝግጅቶች አንዱ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ከመናገርዎ በፊት ግን የሚናገሩትን ነገር ለራስዎ ይለዩት። ብቻዎን በሚሆኑበት ሰዓት ሁለት ነገሮችን ያስቡ። ድጋፉ ዛሬ ሌሊት ሙሉ በሙሉ ተገኝቶ ነገ ጠዋት «ዕቃችሁን ሸክፉ» ቢባሉ መጀመሪያ የሚሰማዎት ምንድን ነው? ደግሞስ ማንም ሳይወቅሳችሁ፣ በክብር፣ ጉዞው ቀርቷል ቢባሉስ? በመጀመሪያው ደስታ፣ በሁለተኛው ኀዘን ከተሰማዎት ምናልባት የደከሙት ከልመናው እንጂ ከጥሪው አይደለም፤ የሚያስፈልግዎም ዕረፍት ነው። በሁለቱም ፍርሃት ከተሰማዎት ፍርሃቱ ስለ ምን እንደሆነ በስሙ ይጥሩት፤ ስለ ልጅዎ ትምህርት ነው? ስለ እናትዎ ሕመም? ስለ ብቸኝነት? ጉዞው በመቅረቱ ከባድ ሸክም የወረደልዎ ያህል እፎይ ካሉ ግን ይህ ስሜት በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል፤ በጸሎት ብዛት ሊያዳፍኑት አይሞክሩ።

ንግግሩ ከአገልግሎት በተመለሳችሁበት ምሽት አይሁን፤ ያን ጊዜ ሁለታችሁም ዝላችኋል፤ የዕለቱ ውጤትም፣ ቢያምርም ባያምርም፣ በመካከላችሁ ይገባል። መጋቢያችሁም ሆኑ ላኪ ድርጅታችሁ ከባለቤትዎ ቀድመው መስማት የለባቸውም። የሚከተለውን በራስዎ አነጋገር ሊሉት ይችላሉ፦ «አንተ የተቀበልከውን ጥሪ አልጠራጠርም። እኔ ግን ገና እዚያ አልደረስሁም። እስካሁን ዝም ያልሁት እንቅፋት እንዳልሆንብህ ፈርቼ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ያልደረስሁበትን ነገር መድረክ ላይ መናገር አልችልም። ውሳኔውን ዛሬ አልጠይቅህም፤ አብረን የምናስብበት ጊዜ ስጠኝ።» ባለቤትዎ ከነገሩ ይልቅ ለሁለት ዓመት ሳይነገራቸው መቆየቱ ሊያቆስላቸው ይችላል፤ ቁስሉን ይቀበሉላቸው፣ ለመከላከል አይቸኩሉ። «ይህ የጠላት ውጊያ ነው» ካሉም ክርክር ውስጥ አይግቡ። አብረው ይጸልዩ፤ ከጸሎቱ በኋላ ግን ወደ ጀመራችሁት ንግግር ተመለሱ።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። የተጠየቀውን መስጠት ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ዘመድ ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ከኀፍረት የተነሣ ነው፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ጥያቄው ዳግመኛ የቀረበበት ይመስለዋል። በሩን መክፈት የሚችለው ጠያቂው ወገን ብቻ ነው። «ስለ ድጋፉ ያልንህን እርሳው፤ ዳግመኛ አናነሣውም፤ የናፈቅሁህ አንተን ነው» የሚል አጭር መልእክት ይላኩላቸው፤ ከዚያም ቃልዎን ይጠብቁ። እንዲያውም ራሱ ፈቅዶ ካልጠየቃችሁ በቀር የቅርብ ዘመድ ከደጋፊዎች ዝርዝር ቢወጣ እመርጣለሁ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ሐድሰን ቴይለር በ1865 የመሠረተው የቻይና የውስጥ አገር ሚስዮን ከማንም ሰው ገንዘብ ላለመለመን ወስኖ የተነሣ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ የፊልጵስዩስ ሰዎችን ስለ ላኩለት ስጦታ በግልጽ አመስግኗል፣ በቆሮንቶስ ግን ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖሯል። መንገዱ ብዙ ከሆነ፣ ከወንድም ጋር ያለን ፍቅር የማያስከፍለውን መምረጥ ይቻላል።

እናትዎ «የልጅ ልጆቼን ወስዳችሁ ልትሄዱ ነው» ማለታቸውን ባለቤትዎ እንደ ተቃውሞ ቆጥረውታል። እኔ የምሰማው ኀዘን ነው። ፖውሊን ቦስ የተባሉት የቤተሰብ ሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ሰው በሕይወት እያለ ነገር ግን ከአጠገባችን በማይኖርበት ጊዜ የሚሰማንን፣ ቀብርም ልቅሶም የሌለውን ማጣት ለይተው አጥንተዋል። እንዲህ ያለው ኀዘን የሚከብደው ሰዎች እንደ ኀዘን ስለማይቆጥሩት ነው። ስለዚህ ለእናትዎ ጥቅስ አይጥቀሱላቸው። አጠገባቸው ተቀምጠው «እኔም እፈራለሁ፤ እኔም ትናፍቂኛለሽ» ይበሏቸው፤ ጉዞው ከተወሰነም መቼ ለዕረፍት እንደምትመለሱ፣ በስንት ቀን አንዴ እንደምትደዋወሉ፣ ቢታመሙ ማን እንደሚደርስላቸው በግልጽ ይንገሯቸው።

ልጅዎ ከመድረክ መቅረቷን በአስቸኳይ ይፍቀዱላት። በ10 ዓመቷ፣ በማያውቋት ሰዎች ፊት፣ ወላጆቿ የሚጠብቁትን ድጋፍ የምታመጣ ወይም የምታስቀር እንደሆነች እንዲሰማት ማድረግ ከዕድሜዋ በላይ ነው። ፎቶግራፏም ለደጋፊዎቻችሁ ከምትልኩት የጸሎት ደብዳቤ ላይ ይወጣ እንደሆነ ይጠይቋት።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ባለቤትዎ ከተስማሙ ያልተረጋገጡትን ቀጠሮዎች ለጥቂት ሳምንታት አቁሙ። ለደጋፊዎቻችሁ «ለቤተሰባችን ጊዜ ለመስጠት ለተወሰነ ጊዜ ጉብኝታችንን አቁመናል» ብሎ መጻፍ በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ ዝርዝር ውስጥ መግባት አይጠበቅባችሁም። በመጨረሻ ላለመሄድ ብትወስኑ የተሰበሰበው ገንዘብ ምን እንዲሆን የሰጪዎችን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ ይህን የሚመለከት ደንብ ካለ ከላኪ ድርጅታችሁ አሁኑኑ ማወቅ ይጠቅማችኋል። እርስዎ ደግሞ እንቅልፍ ከራቀዎት፣ ያለ ምክንያት የሚያለቅሱ ከሆነ፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ባለሙያ በአካል ያግኙ።

ብዙ ላኪ ድርጅቶች ከጉዞ በፊት ዕጩዎች የሥነ ልቦና ምዘና እንዲያደርጉ ይጠይቃሉ፤ የእናንተም የሚጠይቅ ከሆነ ይህን ዕድል ተጠቀሙበት። ምዘናው ለባልና ሚስት በአንድነት ብቻ የሚደረግ ከሆነ እርስዎ ብቻዎን የሚነጋገሩበት ሰዓት እንዲሰጥዎት አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሚናገሩት ነገር ያለፈቃድዎ ለድርጅቱ የሚተላለፍ መሆን አለመሆኑንም ከመጀመርዎ በፊት ከባለሙያው ይረዱ።